ያልደመርኳቸው ስምንት ዓመታት

ይህን ነገር አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ሚስቴ አታውቅም። የንስሐ አባቴ በየጾሙ መግቢያ «ሌላስ የቀረ አለ?» ብለው ሲጠይቁኝ «የለም አባ» ብዬ መስቀል ተሳልሜ እወጣ ነበር። የቀረው ደግሞ ዋናው ነበር። ባለፈው ወር ለበደልኩት ሰው ለራሱ ነገርኩት፤ ከእሱ ቀጥሎ የምትሰሙት እናንተ ናችሁ። እንደ ንስሐ አባት ስሙኝ፣ እንደ ዘመድ ግን አትዘኑልኝ።

ኢትዮጵያ ሚሊኒየሟን ባከበረች ማግስት ነው፤ በፈረንጁ ሁለት ሺህ ስምንት። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ጋርላንድ የምትባል ከተማ ከወላጆቼ ጋር እየኖርኩ ሪቻርድሰን ኮሌጅ እማር ነበር። እዚህ ፈረንጅ አገር የመጣሁት በአሥራ ሁለት ዓመቴ ስለሆነ እንግሊዝኛው አልከበደኝም፤ ስለዚህ የሰፈሩ ሐበሻ ሁሉ ፎርም ሞይ እኔ ነበርኩ። የኢንሹራንስ፣ የሆስፒታል፣ የዜግነት፣ ምን ያልሞላሁት ወረቀት አለ? በእኛ አቆጣጠር የተነገረኝን የልደት ዘመን ወደ ፈረንጅ መመለስ ለእኔ እንደ መተንፈስ ነበር። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ለተወለደ ሰባት፣ ከጥር ወዲያ ለተወለደ ስምንት ይደመራል። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ በኋላ «ተሳስቶ ይሆናል» ብላችሁ እንዳታዝኑልኝ ነው።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት ሪቻርድሰን አንድ ሜዳ ላይ ኳስ እንጫወት ነበር። እኔ አማካይ ነኝ፣ አምበልም ነኝ፣ ራሴንም እንደ ትልቅ ነገር እቆጥር ነበር። ያን ዓመት ምንተስኖት የሚባል ልጅ ከአዲስ አበባ መጣ። ሃያ ዓመቱ ነው። ዲኤፍደብሊው አውሮፕላን ማረፊያ መንገደኞችን በዊልቸር ይገፋል፤ ቅዳሜ ሲሆን ከሥራ በቀጥታ መጥቶ የደንብ ልብሱን እያወለቀ ሜዳ ይገባል። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሁሉም ኳሱን ለእሱ መስጠት ጀመረ። እኔም ጭምር።

እዚያው ሜዳ ዳር ኮች ሬይ የምንለው ራሰ በራ እንግሊዛዊ ወንበር ዘርግቶ ያየን ነበር። አሥራ ስድስት ዓመት በአገሩ ሦስተኛና አራተኛ ዲቪዚዮን አማካይ ሆኖ ተጫውቷል። ትልቅ ክለብ ገብቶ አያውቅም። ስሙን ጋዜጣ ላይ ያየው ሁለቴ ብቻ እንደሆነ፣ አንዱም በቀይ ካርድ እንደነበር እየሳቀ ይነግረን ነበር። ታሪኩ የተጀመረው በአሥራ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ተቀያሪ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሳለ በእሱ ቦታ የሚጫወተው አንጋፋ ሰው ወደ አሠልጣኙ ሄዶ «የእኔ እግር አብቅቶለታል፤ ልጁን አስገባው» አለ። «ያ ሰው ባይናገር ኖሮ ዕድሜ ልኬን ቧንቧ ስጠግን እኖር ነበር» ይለናል ሬይ። «አማካይ ማለት ኳስ ተቀብሎ፣ ከእሱ የተሻለ ቦታ ላይ ላለው የሚያቀብል ሰው ነው።» ይህን ለምንተስኖት ቃል በቃል የተረጎምኩለት እኔ ነኝ። ተርጉሜም ያደረግኩትን አደረግኩ።

ሬይ ከሃያ ሦስት ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ቡድን እያቋቋመ ነበር። ጎበዝ የሆነውን በስኮላርሺፕ ወደ ኮሌጅ ሊልክ አስቧል። አንድ የአማካይ ቦታ ቀርቶታል። ለእኔም ለምንተስኖትም ፎርም ሰጠን። ቦታው ለማን እንደተዘጋጀ ግን ሜዳ ላይ ያለው ሁሉ ያውቃል።

«አንተ ሙላልኝ ባክህ፤ የእኔ እንግሊዝኛ ዊልቸር ከመግፋት አያልፍም» አለኝ ምንተስኖት። መኪናዬ ውስጥ ተቀመጥን። የልደት ቀኑን ስጠይቀው እንደ ለመደው በእኛ አቆጣጠር ነገረኝ፤ ወሩ ግንቦት። እጄ የሰማሁትን እንዳለ ጻፈ። እስከዚህ ድረስ ስህተት ነው፤ በስህተት ሰው አይኮነንም። ፈርሞ፣ አመስግኖኝ ወረደ። ፎርሙን ላጥፈው ስል ዓይኔ ዓመተ ምሕረቱ ላይ አረፈ። ስምንቱን አልደመርኩም። ያ የሃያ ዓመት ልጅ ወረቀቱ ላይ ሃያ ስምንት ሆኗል። እስክሪብቶው እጄ ላይ ነበር። ትርፍ ፎርም ኋላ ወንበር ላይ ነበር። ልጁ ራሱ ገና ከዓይኔ አልራቀም፣ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ወደ አውቶቡስ ፌርማታ እየሄደ ነው። ያን ሰሞን እኮ «እኛ ከፈረንጅ ስምንት ዓመት እናንሳለን» እየተባለ የማይቀለድበት ቤት አልነበረም! አጠፍኩት። እኔ ነኝ ያጠፍኩት፣ እኔ ነኝ ያስረከብኩት።

በሳምንቱ ሬይ ለብቻዬ ጠራኝ። «ልጁ ሃያ ነኝ ብሎኝ ነበር፤ ወረቀቱ ሃያ ስምንት ይላል። አንተ ታውቀዋለህ፤ የቱ ነው ልክ?» አለኝ። እግዚአብሔር ሁለተኛ ዕድል ሲሰጥ እንዲህ ነው የሚሰጠው። እኔ ምን አልኩ? «እኔ እንጃ፣ ወረቀቱ ላይ ያለው ይሆናል።» ሬይ ጭንቅላቱን ነቀነቀ። «ያሳዝናል። በዕድሜዬ ሙሉ እንደ እሱ ያለ አማካይ ያየሁት ሁለት ጊዜ ነው። ባይዋሸኝ ምን ነበረበት?» አለ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል። የእኔ ዝምታ ግን ለአንድ ንጹሕ ልጅ የውሸታም ስም ሰጠው፤ እሱ ደግሞ ስም እንደወጣለት እንኳን አላወቀም።

ለምንተስኖት «አልመረጡህም» ብቻ አልኩት። «ገብቶኛል፤ እዚህ አገር ጨዋታው ይፈጥናል፣ እኔ አልችለውም» አለኝ። ከዚያ ታኬታውን ከቦርሳው አውጥቶ ሰጠኝ። «ቁጥራችን አንድ ነው። አንተ ተጫወትበት፤ እኔ ከእንግዲህ ልማር።» ተቀበልኩት። ሰው እንዴት እንዲህ ያለ ስጦታ እጁን ዘርግቶ ይቀበላል? እኔ ተቀበልኩ። በእሱ ቦታ፣ በእሱ ጫማ፣ ያን ሰመር ሁለት ጊዜ ተቀይሬ ገባሁ። የእኔ የእግር ኳስ ሕይወት ይኸው ነው። ሬይ ከዓመት በኋላ አገሩ ተመለሰ፤ አድራሻውን አላውቅም።

ምንተስኖት ተምሮ ነርስ ሆነ፤ ሮውሌት ቤት ገዝቶ ከሚስቱና ከልጁ ከሐና ጋር ይኖራል። ጓደኝነታችን አልተቋረጠም፤ የሠርጉ ሚዜ ነበርኩ። ከዚያ ወዲህ ግን ኳስ ነክቶ አያውቅም። ባለፈው ወር ቤታቸው ሄጄ ሳለ የአሥራ አንድ ዓመቷ ሐና የኳስ ቡድን መመልመያ ወረቀት ይዛ መጣች። «ዳዲ፣ ትራይአውት አለ፣ ፕሊስ ሳይን አድርግልኝ» አለችው። ምንተስኖት ወረቀቱን ሳያየው መለሰላት። «ሐንዬ፣ ከእኔ ተማሪ። እኔም በልጅነቴ ጎበዝ ነኝ ብዬ አምን ነበር። ሞከርኩ፣ በቂ አይደለህም አሉኝ። እንዲያ ስትባዪ ማየት አልፈልግም፤ ትምህርትሽ ላይ ፎከስ አድርጊ።» ልጅቷ አቀርቅራ ወጣች። በአንድ ሰው ላይ የሠራሁት መስሎኝ የኖርኩት በደል ለካ ሳልጠራው ሁለተኛ ትውልድ ገብቷል።

በማግስቱ ታኬታውን ከጋራዥ አውጥቼ ተመልሼ ሄድኩ። ጓሮ ቆመን ሁሉንም ነገርኩት፤ ፎርሙን፣ ስምንቱን ዓመት፣ ሬይ የጠየቀኝን፣ የመለስኩትን። ይመታኛል ብዬ ነበር፤ ቢመታኝም እወድ ነበር።

«ሶ ኮቹ ፈልጎኝ ነበር ማለት ነው?» አለኝ በመጨረሻ።

«ፈልጎህ ነበር። በዕድሜዬ ሙሉ እንደ እሱ ያለ አማካይ ያየሁት ሁለት ጊዜ ነው ብሏል።»

«እስቲ ድገመው።»

ደገምኩት። ዓይኑን በመዳፉ ጠረገ። ታኬታውን ከእጄ ወሰደና ሳይጨብጠኝ፣ ደህና ዋልም ሳይለኝ ወደ ቤት ገባ። ሦስት ሳምንት ስልኬን አላነሳም። ልክ ነው። ወጣት ነበርኩ አልልም፤ እሱም ወጣት ነበር። ቅናት ነው፤ አውቄ ነው ያደረግኩት። የወሰድኩበትን መመለስ አልችልም፤ ማድረግ የቻልኩት አሥራ ሰባት ዓመት የያዝኩበትን ኳስ ማቀበል ብቻ ነው። ይቅር በለኝ ብዬዋለሁ፤ ይቅር ማለት ግን ግዴታው አይደለም።

ትናንት ደወለ። ሰላምታም አልነበረውም።

«ሐና ቅዳሜ ትራይአውት አላት። አራት ሰዓት ላይ እንድትመጣ፤ ውኃ ይዘህ ና» አለኝ።

«እመጣለሁ» አልኩት።

«ፎርሙን ግን» አለ፣ ሳቁን እንደያዘ ታወቀኝ፣ «እኔ ራሴ ነኝ የምሞላው።»