ጀርባዬን ለላቦራቶሪው በር የሰጠሁበት ምክንያት

ሰቆጣ ውስጥ በአንድ ኮሌጅ የላቦራቶሪ ሠራተኛ ሆኜ የተቀጠርሁት በዘጠናዎቹ መጀመሪያ ነው። ቅጥሩ ለጥበቃና ለጽዳት ነበር፤ ኬሚስትሪውን የጨመርሁት እኔ ነኝ። ፊደል የቆጠርሁት ለብቻዬ ነው፤ እንግሊዝኛውንም የጠርሙስ ጽሑፍ እያነበብሁ ለመድሁት። ሁለት ዓመት ሳይሞላኝ ዲግሪ ያላቸው መምህራን የትኛው አሲድ ከየትኛው ጋር በአንድ መደርደሪያ እንደማይቀመጥ እኔን ይጠይቁ ነበር።

የእሳት ልምምድ ያስጀመርሁትም እኔ ነኝ። የቧንቧ ውሃ የሚመጣው በሳምንት ሁለት ቀን ስለነበር በየጠረጴዛው ጫፍ አሸዋ የሞላ ባልዲ አስቀመጥሁ። ሕጉ አጭር ነበር። ለባልዲው የቀረበ አሸዋውን ደፍቶ ይወጣል፤ ሌላው ወዲያው ይወጣል፤ እኔ በሩን ይዤ እየቆጠርሁ መጨረሻ እወጣለሁ።

በመጀመሪያው ልምምድ ሃያ አራቱ ተማሪዎች በሩ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ሽበቴን አይተው፣ ጎንበስ ብለው «አባ፣ ይቅደሙ» አሉኝ። እኔም አንድ እርምጃ ወደ ውጭ ወጣሁላቸውና ተከትለውኝ ወጡ። ያደጉ ልጆች ናቸው አልሁ፤ ደስም አለኝ። በዕድሜዬ ከሠራኋቸው ጥቂት ስህተቶች አንዱ ይኸው ነው።

ወር ሳይሞላ አንድ ተማሪ በአልኮል የምትነደውን ማንደጃ ሳያጠፋ አልኮል ጨመረባት። እሳቱ በጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። ደወሉን መታሁና በሩን ይዤ ቆምሁ። ከሁሉ ቀድሞ የደረሰው ከአምደወርቅ ከተማ የመጣው የቄስ ልጅ ነበር። ደረሰና ቆመ።

«ይቅደሙ፣ አባ።»

«ውጣ፣ ልጄ።»

«እርስዎን ጥዬ? በጊዮርጊስ፣ አይሆንም።»

«ውጣ ብያለሁ።»

ከኋላው አንዱ እያሳለ፣ «አንተ የቄስ ልጅ፣ እዚሁ ፍታት ልታደርግልን ነው? እለፍ እንጂ» አለው።

«አባትን ቀድሞ መውጣት ነውር ነው» አለ፤ ንቅንቅም አላለ።

ጭሱ ወደ እኛ እየመጣ ነበር። ሕጌን ሽሬ እኔው ቀደምሁ፤ ሁሉም ተከትለው ፈሰሱ። ውጭ ቆጠርኋቸው። ሃያ ሦስት ናቸው። ደግሜ ቆጠርሁ፤ ያው ነው። የቀረችው ከሰሃላ ወረዳ የመጣችው ልጅ ነበረች፤ የምትቀመጠው መጨረሻ ጠረጴዛ ላይ፣ ባልዲው አጠገብ ነው።

አፍንጫዬን በጋቢዬ ሸፍኜ ገባሁ። ልጅቷ የመጀመሪያውን ባልዲ ደፍታ ሁለተኛውን እየጎተተች ነው። እሳቱ ዝቅ ብሏል፤ ነገር ግን የአልኮሉ ጠርሙስ ክዳኑ ተከፍቶ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ቆሟል። ጠርሙሱን ከድኜ አራቅሁት።

«በቃሽ፣ ውጪ።»

«ይቺ እሳት ቀርታለች እኮ፣ አባ።»

«ትቅር።»

ክንዷን ይዤ እስከ በሩ ወሰድኋት። እዚያ ስንደርስ እጇን አስለቅቃ ወደ ጎን አለችና ጎንበስ አለች። ሳል አላናግር ስላላት በእጇ ብቻ ይለፉ አለችኝ። በአገራችን ቋንቋ በኽምጣኛ ተቆጥቼ ገፍቼ አወጣኋት። የእጇ አንጓ ላይ ተቃጥላ ነበር፤ ሆስፒታል ሦስት ቀን ተኛች።

በእነዚያ ሦስት ቀናት በቢሮው ያለውን የደኅንነት መጽሐፍ ሁሉ አነበብሁ። ስለ በር ስፋት፣ ስለ ደወል፣ ስለ ቀስት ምልክት ይናገራሉ። ሽማግሌ በር ላይ ቢቆም የዋግ ልጅ ቀድሞት እንደማይወጣ የጻፈ የለም። በሩን የዘጋሁት እኔ ነበርሁ። ስለዚህ ሕጉን ራሴ አሻሻልሁት። የተግባር ትምህርት ባለ ቁጥር ዱካ የምንላትን በርጩማዬን ይዤ ደጅ እቀመጣለሁ፤ ለደወሉም ከውጭ የምስበው ገመድ አሰርሁለት። ቀድሞ የወጣን ሰው ማንም «ይቅደሙ» አይለውም።

አንዱ ወጣት መምህር አየኝና፣ «አባ፣ እሳቱን ፈርተው ከወዲሁ ሸሹ?» አለኝ።

«ዲግሪ ያለው ሰው ውስጥ እያለ እኔ ምን ቤት ነኝ?» አልሁት።

ልጅቷ እጇን በፋሻ ጠቅልላ በተመለሰች ሳምንት ልምምዱን ደገምነው። ደወሉን ሳብሁ። የቄሱ ልጅ ሮጦ ብቅ ሲል ተቀምጬ አየኝ፤ ደፉ ላይ ቆሞ ቆቡን አወለቀ።

«እንደምን ዋሉ፣ አባ?»

ከኋላው ያሉት በጀርባው ላይ ተከመሩ። የሰሃላዋ ልጅ ከሁሉም ኋላ ነበረች፤ ውስጥ ቀረች።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አልሁት፤ ሌላ ምን እላለሁ? ሁሉንም ወደ ቦታቸው መለስኋቸው። ዱካውን አዞርሁና ፊቴን ወደ ተራራው፣ ጀርባዬን ለበሩ ሰጥቼ ተቀመጥሁ። ፊቱን ላላዩት ሰው ሰላምታ አይሰጥም።

ደወሉን እንደገና ሳብሁ። ወደ ኋላ ሳልዞር በጆሮዬ ቆጠርሁ። ይህን ማንም አላስተማረኝም። የእግራቸው ኮቴ ሳይቆራረጥ አለፈ፤ ሃያ ሁለት፣ ሃያ ሦስት። ከዚያ ትንሽ ዘግይቶ የኮንጎ ጫማ ድምፅ መጣ። ከክፍሉ ኮንጎ የምታደርገው የሰሃላዋ ልጅ ብቻ ነበረች። ደፉ ላይ ሳትቆም አለፈች።