ከደብሩ የሚወርደውን ማን ያስቆማል?

ባለፈው ሳምንት፣ የነሐሴ ዝናብ ጋብ ብሎ ከቆርቆሮው ጫፍ ብቻ ጠብ ጠብ ሲል፣ ሁለት የሰፈራችን ወጣቶች በሬን አንኳኩ። ጫማቸው ጭቃ በጭቃ ነበር። የምኖረው ሞጣ ነው፤ ትዳር ካመጣኝ ወዲህ እዚሁ ቀርቼ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ከፍቻለሁ።

«እትዬ ውዴ፣ ድሮ ብቸና ማዘጋጃ ቤት የመንገድ ሥራ ክፍል ነበሩ ሲባል ሰምተን ነው የመጣነው» አለ አንደኛው። «እዚህ ታች መስቀለኛው ላይ የቁም ምልክት ልናስተክል ነው። በየትኛው በኩል ይሁን? እርስዎ ያውቁታል ብለን ነው።»

ቀላል ጥያቄ ነው። የተማርኩትም ይህንኑ ነው። እኔ ግን የበሩን መቃን ያዝኩ። «ቆዩ፣ ቦታውን አይቼ ልንገራችሁ» ብዬ ሸኘኋቸው። ግቡና ሻይ ጠጡ እንኳን አላልኳቸውም፤ ይህ ደግሞ በእኔ ቤት ነውር ነው። ልቤ ብቸና ነበር።

ያን ጊዜ ገና ባጃጅ በከተማችን ብርቅ ነበር። እኔ ባሕር ዳር ሄጄ ስለ መንገድ ሥራ ተምሬ፣ ብቸና ተመልሼ በማዘጋጃ ቤቱ ተቀጥሬያለሁ። ወጣት ሳለሁ ስለማውቀው ነገር ጥርጣሬ የሚባል አልነበረብኝም። ሰው ሲናገር አፉን ሳይዘጋ እመልስ ነበር። እናቴ «ይቺ ልጅ ምላሷ ቀድሟት ነው የተወለደው» ትል ነበር፤ አልዋሸችም።

ሰፈራችን ከደብሩ ሥር ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ያለው ከኮረብታው አናት ላይ ሲሆን፣ ከደጀ ሰላሙ የሚነሣ ኮረኮንች መንገድ ቁልቁል ወርዶ፣ ከትምህርት ቤት ወደ ገበያ የሚወስደውን ሜዳማ መንገድ ያቋርጣል። መገናኛው ጥግ ላይ የአንድ ጎረቤታችን ረጅም የባሕር ዛፍ አጥር ነበር። ያ አጥር ዓይን ይጋርዳል፤ በሜዳው የሚመጣ ሰው ከላይ ምን እየወረደ እንደሆነ የሚያየው መስቀለኛው አፍ ላይ ሲደርስ ብቻ ነው። አፈሩ ዋልካ ነው፤ በክረምት ጫማ ይውጣል፣ በበጋ ይሰነጣጠቃል። በዚያ ዓመት የደብሩ አጥር በድንጋይ እየታደሰ ስለነበር፣ አንድ አሮጌ የጭነት መኪና ድንጋይ ጭኖ ሲወጣ፣ አራግፎ ሲወርድ ይውላል።

አትጠገብ ታናሽ እህቴ ናት። በሕፃንነቷ ታማ አንድ እግሯ ስለሰለለ የምትሄደው በክራንች ነበር። ገበያው አጠገብ ልብስ ትሰፋለች፤ እጇ ወርቅ ስለሆነ የሰፈሩ ሙሽራ ሁሉ ደጇን ይጠናል። ወደ ሥራ ስትሄድ ግን ያን መስቀለኛ ማቋረጥ ግድ ነው። ሌላው ሰው መኪና ሲመጣበት ዘሎ ያመልጣል። እሷ አትዘልም። እኔ ያን መንገድ የምፈራው በዚህ ምክንያት ነበር፤ ሌላ ምክንያት አልነበረኝም።

በታኅሣሥ አንድ ቀን አትጠገብ እየሳቀች ገባችና የክራንቿን ጫፍ አሳየችን። ተጨፍልቋል። መኪናው ሲወርድ እሷ ወደ ኋላ ብታፈገፍግም ክራንቿን ለመሰብሰብ ጊዜ አላገኘችም ነበር። «እግሬ መስሎት ነው፤ ተሳስቷል» ብላ ቀለደች። እናቴ የሽምብራ እሸት ጠብሳ አቅርባ ነበር፤ እጃችን ሁሉ ጥላሸት ሆኖ እየፈለፈልን የምንበላው እሸት በየዓመቱ የምጠብቀው ነገር ነው። ያን ቀን ድርሻዬን ወደ አትጠገብ ገፋሁት።

ከዚያ በኋላ የጎረቤታችንን ልጅ ሙሉቀንን ለመንኩና በየማለዳው በባጃጁ ይወስዳት ጀመር። ሙሉቀን ደግ ልጅ ነው፤ መሪ ሲይዝ ግን ደግነቱን ቤት ጥሎት ይወጣል። ዘፈኑን ጣራ ድረስ ለቅቆ፣ ኮፍያውን ወደ ኋላ ገልብጦ ይበራል። ስለዚህ ፍርሃቴ አልቀነሰም። ባጃጅ ምን አለው? ሸራና ቆርቆሮ ነው። በእግሯ ስትሄድ ቢያንስ ቆማ ታዳምጥ ነበር።

ቢሮ ውስጥ አለቃዬን ጨቅጭቄ ጨቅጭቄ አንድ የቁም ምልክት አሠራሁ። ቀይ፣ ስምንት ማዕዘን ያለው፣ ከነብረት ምሰሶው። «ለጊዜው ያለን ይኸው ነው» አለኝ አለቃዬ። «የት እንደሚተከል ግን ከነዋሪው ጋር ተማከሩ። በኋላ ነቅለው እንዳይጥሉት።» እኔም የት እንደሚተከል ስለማውቅ ምክክሩን እንደ ወግ ነበር የቆጠርኩት።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ዕድር ቤት ተሰበሰብን። የስንዴና የባቄላ ንፍሮ በሰፌድ ይዞራል። ዳኛችን አያ ምሕረት ከፊት ተቀምጠዋል፤ ከጎናቸው የደብሩ መሪጌታ፣ ሰፈሩ ሁሉ የኔታ የሚላቸው፣ መቋሚያቸውን ተደግፈዋል።

«በይ ልጄ፣ ይኼ ነገር የት ነው የሚተከል?» አሉኝ አያ ምሕረት።

«በቁልቁለቱ በኩል ነዋ፣ አያ። አደገኛው የሚወርደው መኪና ነው። መቆም ያለበት እሱ ነው።»

የኔታ ቀና አሉ። «ከደብሩ የሚወርደውን ነው የምታስቆሚ?»

«አዎ፣ የኔታ።»

«በዚያ መንገድ ምን ምን እንደሚወርድ ታውቂያለሽ። ታቦት ይወርዳል። ሙሽራ ሥጋ ወደሙ ተቀብሎ ይወርዳል። ክርስትና የተነሣ ሕፃን በእናቱ እቅፍ ይወርዳል። እንግዲህ ከእግዚአብሔር ቤት የወጣ ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው ቁም የሚል ቀይ ሰሌዳ ይሁን?»

«ምልክቱ ለመኪና ነው እኮ፣ የኔታ። ታቦቱን ማን ቁም አለው?»

«ለመኪና ነው ብሎ በታቦት መንገድ ላይ የሚተክል ሰው አላየሁም» አሉ። ድምፃቸው ቁጣ አልነበረበትም፤ ያዘኑ ይመስሉ ነበር።

ይኼኔ ከሴቶቹ በኩል እትዬ ጥሩነሽ ተነሡ። የመስቀለኛው ጥግ ላይ ዳቦ የሚሸጡ ሴት ናቸው። «ይልቅ በሜዳው የሚመጣው ይቁም። ከአጥሩ በላይ ደጀ ሰላሙ ወለል ብሎ የሚታይ ከዚያ ነው። እነዚህ ባለባጃጆች ደብር ማለፋቸውንም አያውቁ፤ ቆመው ተሳልመው ይለፉ።» ቤቱ በሙሉ ደግ ብለሻል አለ። ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ ተነሥቼ ወለሉ ላይ በእንጨት ስንጥር ሁለቱን መንገዶች እየሣልኩ፣ ቁልቁለት የሚወርድ መኪና እንዴት እንደሚከብድ አስረዳሁ። እህቴንም ጠቀስኩ፤ የተጨፈለቀውን ክራንች ነገርኳቸው።

«አትጠገብ የሁላችንም ልጅ ናት» አሉ አያ ምሕረት ቀስ ብለው። «እሷንስ ፈጣሪ ይጠብቃታል።»

«ታዲያ ክራንቿን ሲጨፈልቁት የት ነበር?» አልኩ። እናቴ ነጠላዬን ስባ አስቀመጠችኝ። ውሳኔው ግን ያው ሆነ፤ ምልክቱ በሜዳው መንገድ ላይ ይተከል ተባለ። በማግስቱ እኔው ራሴ ቆሜ አስተከልኩት። ሲሚንቶው ሲፈስ ፊቴን ወደ ጎን አዞርኩ። ቁልቁለቱ እንደተከፈተ ቀረ።

እውነት ለመናገር ባለባጃጆቹ መቆም ጀመሩ። ሕግ ነው ብለው አይደለም። እዚያ ሲደርሱ ደጀ ሰላሙ ከአጥሩ በላይ ይታያል፤ እትዬ ጥሩነሽም ከዳቧቸው ጀርባ ሆነው የማይቆመውን በስሙ ከነአባቱ ጠርተው ይሰድባሉ። ስለዚህ ሙሉቀን ሳይቀር እዚያ ሲደርስ ይቆማል፣ ኮፍያውን ያወልቃል፣ ያማትባል፣ ከዚያ እንደገና ይበራል። እኔ ይህን እያየሁ የበለጠ እናደድ ነበር። የሚቆመውማ ቆመ፤ የሚወርደውንስ ማን ያስቆመዋል? ጠዋት ጠዋት እህቴ ባጃጅ ውስጥ ከገባች በኋላ እኔ በእግሬ ከኋላ እከተላለሁ። ባጃጁ መስቀለኛውን አልፎ እስኪሄድ ትንፋሼን እይዛለሁ። «እታለም፣ ትራፊክ ሆነሽ ተቀጠርሽ እንዴ?» እያለች ትስቅብኛለች። ከሳቋ በስተቀር ደስ የሚለኝ ነገር አልነበረም። 

የሚያዝያ ጠዋት ነበር። የመጀመሪያው ካፊያ በዋዜማው ጥሎ መንገዱ አቧራው ሞቶ አፈር አፈር ይሸታል። ባጃጁ አልፎኝ ሄደ፤ የአትጠገብ ነጠላ ጫፍ በጎን በኩል ወጥቶ ይውለበለባል። ያኔ ከላይ ክላክስ ሰማሁ። አንድ ጊዜ ጮኾ የሚያቆም አልነበረም፤ ተጭነው ያልለቀቁት ክላክስ ነው። ቀጥሎ ከደብሩ በኩል የሰው ጩኸት። ከባሕር ዛፉ አጥር በላይ የጭነት መኪናው አረንጓዴ ጣራ እየተንገጫገጨ ሲወርድ አየሁ። ፍሬን በጥሷል።

ሙሉቀን ዘፈኑን ለቅቋል፤ አይሰማም። እህቴ አጥሩ ይጋርዳታል፤ አታይም። ልጮህ አፌን ከፈትኩ። ድምፅ የሚባል አልወጣልኝም። ያን ሁሉ ሰው ያሸነፍኩበት፣ እናቴ የምታማርርበት ምላሴ ደርቆ ከላንቃዬ ጋር ተጣበቀ። ብሮጥም አልደርስም ነበር። ማድረግ የቻልኩት ማየት ብቻ ነበር።

ባጃጁ ምልክቱ ጋ ሲደርስ የኋላ መብራቱ ቀይ በራ። ሙሉቀን ቆመ። ኮፍያውን አወለቀ። አትጠገብም አንገቷን ደፋች። መኪናው በፊታቸው አለፈ። ምን ያህል ቅርብ እንደነበር ልናገር አልችልም፤ ነፋሱ ነጠላዋን ከትከሻዋ ገፍፎ መሬት ላይ እንደጣለው ግን አይቻለሁ። መኪናው መስቀለኛውን አቋርጦ፣ የወዲያኛውን አጥር ደርምሶ፣ የታረሰ ማሳ ውስጥ ገባ። ዋልካው ጎማዎቹን ዋጣቸውና ቆመ። ሾፌሩ በሕይወት ወጣ።

እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም፤ እህቴን አቅፌ መሬት ላይ ተቀምጫለሁ።

«እታለም፣ ምን ሆነሽ ነው የምታለቅሺ? ነፋስ እኮ ነው የነካኝ» አለችኝ። አንገቷን ደፍታ ስለነበር ገና አልገባትም።

ለእኔ ግን ገብቶኝ ነበር። ፍሬን የበጠሰ መኪና ሰሌዳ አያነብም። ምልክቱ እኔ ባልኩት ቦታ፣ በቁልቁለቱ በኩል ቢሆን ኖሮ፣ መኪናው አልፎት ይወርድ ነበር። የሜዳው መንገድ ደግሞ ክፍት ስለሚሆን ሙሉቀን የሚቆምበት ምክንያት አይኖረውም፤ እንደ ልማዱ ይበር ነበር። በትምህርቴም፣ በዓይኔም፣ በፍርሃቴም ትክክል ነበርኩ። ትክክልነቴ ተቀባይነት ቢያገኝ ኖሮ እህቴን በነጠላዋ ጠቅልለን እናነሣት ነበር።

ሰፈሩ ተአምር ነው አለ። የኔታ ወርደው የጎማውን ዱካ አዩ። «አየሽ?» እንዲሉኝ እየጠበቅሁ ነበር። «እኔስ ለታቦቱ ክብር ብዬ እንጂ ይኼን አስቤም አልነበር፣ ልጄ» አሉኝ። ቀጥለው «አሁንሳ ምን እናድርግ? አንቺ የተማርሽው ንገሪን» አሉ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ «አላውቅም፣ የኔታ» አልኩ። ኋላ ላይ የሰፈሩ ሰዎች ራሳቸው ተመካክረው ከደብሩ አጥር በተረፈ ድንጋይ ቁልቁለቱ ላይ ሰፋፊ ጉብታዎች ሠሩ። ጉብታ ማንንም ቁም አይልም፤ ታቦት የተሸከሙትም ቀስ ብለው ይሻገሩታል።

አትጠገብ ዛሬም ብቸና ናት። የራሷን ቤት ከፍታ ልጃገረዶችን ስፌት ታስተምራለች። ወጣቶቹ መጥተው የሄዱ ዕለት ደውዬ ነገርኳት። «ታዲያ የምታውቂውን ንገሪያቸው፤ ምን ያስፈራሻል?» አለችኝና ስለ ክር መወደድ ማውራት ጀመረች።

በማግስቱ መስቀለኛውን ሄጄ አየሁ። አንዱ መንገድ ከመናኸሪያው በኩል ቁልቁል ይወርዳል፤ ሌላው ሜዳ ነው። ማንም የተማረ ሰው ቢጠየቅ መልሱ አንድ ነው። ወጣቶቹን ጠርቼ በቁልቁለቱ በኩል ይሁን አልኳቸው። ከዚያ ጠበቅሁ። አንድ ሽማግሌ፣ አንዲት ዳቦ ሻጭ፣ ማንም ይሁን ማን ተነሥቶ እንዲከራከረኝ ፈለግሁ።

«እርስዎ ካሉማ አለቀ» አሉ። ዛሬ ጠዋት ምሰሶውን ተክለውት አየሁ። ብቸና ላይ የሰማኝ ሰው አልነበረም፤ ስላልሰሙኝ እህቴ በሕይወት አለች። እዚህ ግን ሰሙኝ።