የኋላ ወንበር የሌላት ቢዩክ

ተክለ ኑሮው ሰው መጫን ነው። ለንደን ከገባ ጀምሮ ሚኒካብ የሚሉትን ታክሲ ነው የሚነዳው፣ ያቺን ድምፅ የሌላትን ፕሪየስ። ከካምደን የጫነው ሰካራም ያስታወከውን፣ ጠዋት ኬኒንግተን ቤቱ ደጅ ላይ ባልዲ ይዞ ያጥባል። ወንበሩ ይጸዳል፤ አፍንጫው ውስጥ የቀረው ሽታ ግን አይለቀውም። ምግብ ሲቀርብለት እንኳ አሽትቶ ነው የሚጎርሰው። ባለቤቱ ኣስካሉ፣ "እኔ ነኝ እንዴ ያስታወክሁብህ?" ትለዋለች።

ሥራውስ ይሁን፣ እንጀራ ነው። እሱን ያንገሸገሸው የእረፍት ቀኑ ነው። እድር ውስጥ መኪና ያለው ሰው የሁሉም ሹፌር ነው። የእድሩ ሰብሳቢ አቶ ፀሐዬ ሲደውሉ ሰላምታውን እንኳ አይጨርሱም።

"ተክልዬ፣ የኔ ጌታ፣ አንዲት እንግዳ ሂትሮው ኤርፖርት ገብታለች፤ ብቅ በልና..."

አንዷ እንግዳ ከዘመዶቿና ከሻንጣ ክምር ጋር ትወጣለች። ከኋላ ተጨናንቀው ወንበሩን በጉልበታቸው እየገፉ ለውዝ ይበላሉ፤ ልጣጩ ምንጣፉ ላይ። ትንፋሻቸው ማጅራቱ ላይ። ተክለ እምቢ ማለት አያውቅበትም። አፉ "ኧረ ችግር የለም" ይላል፤ እጁ ሻንጣ ይጭናል።

አንድ ቀን የፕሪየሷን ፍሬን ሊያሠራ ጊዲዮን ጋ ሄደ። ጊዲዮን እዚሁ ተወልዶ ያደገ መካኒክ ነው፤ ካምደን ከባቡር ድልድይ ሥር የድሮ የአሜሪካ መኪና ያድሳል። ተክለ የቆሙትን መኪኖች እያየ ሳያስበው፣ "የሚሸጥ አለ?" አለ።

ጊዲዮን ባለአራት በር ነጭ መኪና አሳየው። "ይቺ ኮምፎርተብል ናት ጋሼ። ፋሚሊ በሙሉ ይገባል።"

ተክለ ፊቱን አዞረ። ቀጥሎ ያለችውን ቀይ ሲከፍታት የእርጥብ ውሻ ሽታ ወጣ፤ መልሶ ዘጋት። ጥግ ላይ አንዲት ጥቁር ነበረች፣ እንደ ተጠረበ ድንጋይ አራት ማዕዘን የሆነች፣ በሯ ሁለት ብቻ።

"ቢዩክ ግራንድ ናሽናል፣ ኤይቲ ሰቨን ሞዴል" አለ ጊዲዮን። "ሲክስ ሲሊንደር ናት፣ ግን ቱርቦ አላት። ትንሽ ትቆያለች፣ ከዛ..." እጁን አስፈነጠረው።

"ከኋላ የሚቀመጥ ሰው በየት ነው የሚገባው?"

"የፊቱ ሰው ወርዶ፣ ወንበሩን አጥፎ፣ ጎንበስ ብሎ... ኦነስትሊ ጋሼ፣ ሲኦል ነው።"

"እሷን ነው የምፈልገው።"

ከዚያ ወዲያ በእረፍት ቀኑ ፕሪየሷን ደረጄ ለሚባል ሹፌር እየሰጠ ጋራዥ ይውላል። ወደ ሞተሩ አየር የሚነፋ ትልቅ ቱርቦ አስገቡላት። የሚነፋውን አየር የምታበርደውን ራዲያተር በሰፊ ቀየሩ፤ የጭሱን መውጫ ማርሚታም አሰፉት። ተክለ ራሱ እየተኛ ብሎን ይፈታል። እጁ ዘይት ዘይት ይሸታል፤ ይሄኛው ሽታ አላስጠላውም።

በመጨረሻ፣ "የኋላውን ወንበር አውጣልኝ" አለ።

"ዋው! ዌይት፣ ክብደት ለመቀነስ ነው? ሬስ ሊያደርጉ ነው?"

"ሰው ለመቀነስ ነው" አለ ተክለ። ጊዲዮን መፍቻው ከእጁ እስኪወድቅ ሳቀ።

መጀመሪያ ብቻውን የነዳት ቀን ልዩ ነበር። ቤንዚኑን ሲረግጠው መጀመሪያ ዝም ትላለች፣ ሰምታ እንዳልሰማች። ከዚያ ከኮፈኑ ሥር ፉጨት ይመጣና ጀርባውን ከወንበሩ ጋር ታጣብቀዋለች። ማጅራቱ ላይ የማንም ትንፋሽ የለም።

አቶ ፀሐዬ ደወሉ። አርችዌይ ለቅሶ አለ።

"ፕሪየሷ ደረጄ ጋ ናት ጋሽ ፀሐዬ። ይቺ ደግሞ የኋላ ወንበር የላትም።"

"መኪና ሆኖ ወንበር የሌለው?" አላመኑም፤ ራሳቸው መጡ። አንገታቸውን በመስኮት አስገብተው አዩ፤ ባዶውን ወለል አዩ፤ ፊታቸው በራ። "አንተ! ይሄማ ቫን ነው! ለእድር የተፈጠረ!"

ተክለ አፉን ሳይከፍት የእድሩ አዳራሽ ተጣጣፊ ወንበሮች ገቡ። ሽንኩርት በጆንያ ገባ። ሁለት ሴቶች አንድ ትልቅ ድስት ምስር ወጥ ተሸክመው መጡ፤ ክዳኑ በፌስታል ታስሯል። ወንበሩን የነቀለው ለዚህ ነበር እንዴ? የድስቱን አንድ ጆሮ ያዘላቸው። "ኧረ ችግር የለም" አለ።

አቶ ፀሐዬ ከፊት ተቀመጡ። ካምደን መብራት ሲይዛቸው አንድ ጎረምሳ በትንሽ መኪና አጠገባቸው ቆመና ሞተሩን አጓራ። አቶ ፀሐዬ ጎረምሳውን አዩ፣ የተጫነውን አዩ፣ "አይ ተክልዬ፣ ያንተዋ ጋሪ መሮጥ የት ታውቅና!" አሉ።

አረንጓዴ በራ። ተክለ ረገጣት። ዝም አለች፤ ከዚያ ፉጨቱ መጣ። ቢዩኳ ተወነጨፈች፤ ወጡ ግን እዛው ነበር የቀረው። ድስቱ ወደ ኋላ ተንሸራቶ ከወንበሮቹ ጋር ተጋጨ።

"ወይኔ ምስሩ!" አሉ አቶ ፀሐዬ።

አርችዌይ ደርሰው ተክለ በሩን ሲከፍት ቀዩ ወጥ ወለሉን ሞልቶ በወንበሩ ሥር እየተሳበ ነው። የወንበሩ ቀበቶ ምስር ሆኗል። ሽንኩርት፣ በርበሬና የቆየ ዘይት ተደባልቆ አፍንጫው ላይ ወጣ፤ ያ የባልዲው ጠዋት ፊቱ ድቅን አለ። ዞር ሲል አቶ ፀሐዬ ጭልፋ ይዘው ከወለሉ ወደ ድስቱ ይጨልፋሉ።

"ከላይ ከላዩ ንጹሕ ነው። ማን ያያል?"

"አይሆንም" አለ ተክለ።

"እ?"

"ለቀስተኛ ከመኪና ወለል አይበላም። እኔም ከዛሬ ወዲያ አልጭንም። ሰውም፣ ድስትም።"

"አሞሃል እንዴ?"

"አላመመኝም። አስጠልቶኛል። ስንት ዓመት ነው ያስጠላኝ።"

አቶ ፀሐዬ ጭልፋውን ወደ ተክለ ቀሰሩ። ከጫፉ ላይ ምስር ይንጠባጠባል።

"እና ይሄን አትለኝም ነበር?" አሉ። "ወንበር ከምትነቅል።"

ተክለ በራሱ አፈረ። ድስቱን አንስቶ መንገድ ዳር ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ገለበጠው። ለለቀስተኛው ሌላ ምግብ ሊያመጣ ሄደ፤ በእግሩ።

በሳምንቱ ጊዲዮን የኋላውን ወንበር መልሶ ገጠመለት። "ዌይቱስ ጋሼ?"

"ተወው።"

አቶ ፀሐዬ አሁንም ይደውላሉ። ተክለ ስልኩን ያነሳል፣ "አይሆንም ጋሽ ፀሐዬ" ይላል፣ ደህንነታቸውን ይጠይቃል። የኋላው ወንበር ባዶውን ነው የሚሄደው። ሙቀት ሲሆን መኪናዋ ምስር ምስር ትሸታለች፤ እንደዛ ታጥባም። አፍንጫውን ይዞ መስኮቱን ይከፍትና ይረግጣታል።