ከጭቃው ውስጥ የታየው ቀይ እንሰት

አያልነሽ ቅቤ ነጋዴ ናት። በቦምቤ ገበያ አንዲት ሴት በእንሰት ቅጠል የጠቀለለችውን ቅቤ ይዛ ስትቀርባት፣ አያልነሽ ሰላምታ እንኳ አታስቀድምም። ከመቀነቷ ቀጭን ስንጥር ትመዛለች፣ የቅቤውን ሆድ ከላይ እስከ ታች ትወጋለች፣ ስንጥሯን አውጥታ ታሸታለች። መሃሉ ላይ የተቀቀለ ድንች አለመደበቁን ካረጋገጠች በኋላ ነው "ቤተሰብ እንዴት ነው?" የምትለው። ሃያ ዓመት እንዲህ ነግዳለች። የገዛ እህቷን ቅቤ ሳይቀር ትወጋለች፤ እህቷም ስለለመደችው ስንጥሩን ራሷ ታቀብላታለች።

ስለዚህ ባለፈው ሐምሌ ከሶዶ የመጣችው ወጣት የእርዳታ ድርጅት ሠራተኛ ሜላት ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ድምፅ ልቅዳ ስትላት፣ አያልነሽ ያን ስልክ ብትወጋው ደስ ባላት። ማን ነው የሚሰማው? ለምን? ስሜ ከተጻፈ በኋላ የሚቀርብኝ ነገር አለ? ሜላት ደግነቱ ትዕግሥተኛ ናት። ሥራዋ ከናዳ የተረፉና በእጃቸው የቆፈሩ ሰዎች ያዩትን በራሳቸው አፍ እንዲናገሩ ማድረግ እንደሆነ፣ ነገ ሌላ ቦታ ተራራ ቢናድ ለእርዳታ የሚደርሱት ከዚህ እንዲማሩ መሆኑን ሦስት ጊዜ አስረዳቻት። በቀበሌው አዳራሽ ሃያ የሚሆን ሰው ተቀምጦ ይሰማ ነበር። ከኋላ፣ በሩ አጠገብ፣ ጎረቤቷ ጦና ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ መሬት መሬቱን ያያል። ለምን መሬት እንደሚያይ ከሜላት በቀር የማያውቅ ሰው አዳራሹ ውስጥ አልነበረም።

ነገሩ ከናዳው ስድስት ዓመት ቀደም ብሎ የተጀመረ ነው፤ የተጀመረውም በእንሰት። በዚያ አገር ወንዱ ይቆፍራል እንጂ ጓሮ ውስጥ ያለው እንሰት የትኛው ምን እንደሆነ የምታውቀው ሴቷ ናት። አያልነሽ መቶ ሃያ እንሰት ነበራት፤ አንዱን ከሌላው አሳስታ አታውቅም። ከሁሉም የምትኮራበት ግን፣ ስትዳር እናቷ ከቤሌ ያመጣችላት ቀይ እንሰት ነው። የቅጠሉ መሃል አጥንት ከታች እስከ ጫፍ ደማቅ ቀይ ነው። ሥሩ ተቀቅሎ ሲበላ የተሰበረ አጥንት ይጠግናል ይባላል። በዚያ ቀበሌ ሌላ ሰው ዘንድ የለም።

ያን ጊዜ የጦና ሚስት ሰርካለም እግሯ ተሰብሮ ተኛች። አያልነሽ ክፉ ሴት አይደለችም፤ ከቀዩ እንሰት አንዱን ነቅላ፣ ሥሩን ቀቅላ በራሷ እጅ ወሰደችላት። ሰርካለም ድና ስትነሣ ጦና መጣና ለራሳቸው የሚተክሉት አንድ ችግኝ ለመነ። የእንሰት ችግኝ ደግሞ ጎረቤት ሲጠይቅ አይከለከልም፤ መከልከል ነውር ነው። አያልነሽ ግን ጠረጠረች። ይሄ ሰውዬ አባዝቶ ሻንቶ ገበያ ሊሸጠው ነው ብላ አሰበችና ለዘር የሚሆን የለኝም አለችው። በሳምንቱ፣ ለዘር ከቀበረችው ሥር ላይ ከበቀሉት ችግኞች አንዱ ጠፍቶ ጉድጓዱ ብቻ ቀረ።

በሽማግሌ ፊት አቆመችው። ጦና ራሱ ያን ጊዜ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነበር። መጽሐፍ ቅዱስ ላይ እጁን ጭኖ አልወሰድኩም አለ። ሰው ሁሉ እሱን አመነ፣ እሷን "ይቺ ሴት ጥላዋንም ትወጋለች" እያለ ሳቀባት። ከዚያ ወዲህ አያልነሽ ጎረቤቷን "አቶ ጦና" ነው የምትለው፤ አቶ የምትለዋ ቃል ከአፏ ስትወጣ ስድብ ነበረች። ጦና አጥሩን ከፍ አደረገ። እሷም እሁድ እሁድ ከጸሎት ስትመለስ ጫማዋ ውስጥ ጠጠር የገባባት እያስመሰለች በአጥሩ ቀዳዳ ታጮልቃለች። ስድስት ዓመት ሙሉ ያየችው ግን የጦናን ላም ቂጥ ብቻ ነው።

የናዳው ቀን ቅዳሜ ነበር። ዝናቡ ሳምንቱን ሙሉ አላቋረጠም። አያልነሽ ቅቤዋን ይዛ ቦምቤ ገበያ ወረደች፤ ሰርካለምም እዚያው ገበያ ነበረች። ቤት የቀሩት የአያልነሽ ባል ዳናና ፈተና ጨርሳ የመጣችው ልጃቸው ቤቴል ናቸው። ጦና ከወንዙ ማዶ ለላሙ ሣር ያጭድ ነበር። ከረፋዱ ሦስት ሰዓት ላይ ተራራው ከወገቡ ተቆረጠና ወረደ። ጎን ለጎን የነበሩትን ሁለቱን ቤቶች ከነጓሯቸው ጠርጎ ሜዳው ላይ ጣላቸው።

አንድ ባለሞተር ገበያ ድረስ መጥቶ ነገራት። ቅቤዋን ጥላ ደረሰች። ቤት የለም፣ አጥር የለም፣ መንገድ የለም፤ ሰፊ ጭቃ ብቻ። ስድሳ የሚሆን ሰው ዶማና አካፋ ይዞ እዚህም እዚያም ይመታል። አንዱ እዚህ ነው ሲል ሌላው እዚያ ነው ይላል። የቀበሌው ሊቀ መንበር ፊሽካ ይዞ ወደ ተራራው እያየ ቆሟል፤ የተሰነጠቀው ሌላው ጎን ከተንቀሳቀሰ ይነፋል፣ ሰው ሁሉ ይሸሻል ማለት ነው። ቢበዛ ምን ያህል ጊዜ እንዳላቸው የሚያውቅ አልነበረም።

አያልነሽ ከጭቃው ውስጥ የወጣ አንድ ቅጠል አየች። አጥንቱ ቀይ ነው።

"ይሄ የኔ እንሰት ነው" አለች። "ከማድቤቴ ጀርባ የነበረው። ቤቴ እዚህ ሥር ነው።"

የእንሰት ነገር ላይ ከአያልነሽ ጋር የሚከራከር ማን ነው? ስድሳው ሰው እየሮጠ መጥቶ ቀዩን እንሰት ከቦ መቆፈር ጀመረ። ጦናም መሃላቸው ነበር። ጥቂት ቆፍሮ ቀና አለና፣ እዚህ አይደለም፣ ወደ ግራ ነው አለ። ድምፁ ለራሱም የሚሰማ አይመስልም። እንዴት አወቅህ ሲሉት አንገቱን ደፋ። አያልነሽ ወደ ግራ ብታይ ጭቃ ብቻ ነው፤ አንዲት ቅጠል እንኳ የለችም። ያኔ የስድስት ዓመት ቂሟ ሁሉ ተነሣ። ልጄ መሬት ውስጥ ሆና እንኳ ይሄ ሰው እንሰቴን ይክደኛል አለች። በሽማግሌ ፊት ስላቆምኩት ሊበቀለኝ ነው፣ አትስሙት፣ ቆፍሩ አለች። ቆፈሩ። ጦና ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ወደ ግራ አለ። ጎረምሶቹ ተው እንጂ ጋሼ፣ ሰው እያለቀ ነው ብለው ገሠጹት። እንዲህ እንዲህ እያለ ግማሽ ሰዓት አለፈ።

ከዚያ ጦና ዶማውን ጣለ።

"ይሄ እንሰት ከኔ ግቢ ነው" አለ፤ አሁን ድምፁ እስከ ሊቀ መንበሩ ይሰማል። "ከሷ ጓሮ ሰርቄ ከቤቴ ኋላ ተከልኩት፤ ግንዱን ላሜ የላጠችበትን አውቀዋለሁ። በመጽሐፍ ቅዱስ የማልኩት በሐሰት ነው። የምትቆፍሩት የኔን ቤት ነው፣ ውስጡ ላም እንጂ ሰው የለም። የነሱ ቤት በግራ ነው።"

ስድሳ ዶማ ባለበት ቆመ። አያልነሽ ይህን ቃል ለመስማት ስድስት ዓመት ጠብቃለች፤ ስትሰማው ግን ደስ የምትሰኝበት ጊዜ አልነበራትም። ሁሉም ፊቷን ያያል። ሌባነቱን ዛሬ ያመነ ሰው ነው። በእግዚአብሔር ቃል ላይ እጁን ጭኖ የዋሸ ሰው ነው። አሁን ልጄን በዚህ ሰው ቃል ልፈልግ? ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አላት። ያ ሁሉ ሰው የሚቆፍረው ወደ ጦና ላም ነው፤ ጦና ደግሞ ከዚያች ላም ሌላ ሀብት የለውም። ዝም ቢል ስድሳ ሰው ላሙን ያወጣለት ነበር።

"ወደ ግራ" አለች።

አንድ ረጅም ቀርከሃ ከሰው እጅ ነጥቃ፣ ያን የምታውቀውን ሥራዋን ሠራች፤ ጭቃውን ወጋች። ምንም የለም። እልፍ ብላ ወጋች። አራተኛው ላይ ቀርከሃው ጠንካራ ነገር ነክቶ ነጠረ፤ የጣሪያ ቆርቆሮ ነው። ቤቴልን በወደቀ ምሰሶና በጠረጴዛ መሃል፣ እግሯ ተሰብሮ፣ በሕይወት አወጧት። ዳና አጠገቧ ነበር። ሞቷል፣ እጁ ግን ገና ይሞቃል።

ቤቴል ሶዶ ሆስፒታል ተኝታ ነው ነገሩን ለእናቷ ያወራቻት። አባቷ እጇን ይዞ ያጽናናት ነበር። ከሩቅ የዶማ ድምፅ ሲሰማ "መጡልን" አላት። ከዚያ ድምፁ ለረጅም ጊዜ ቅርብ ሳይሆን ቀረ። አባቷ ዝም ያለው ቆርቆሮው ከመነካቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ነው። ስንት ቀደም ብሎ ብላ አያልነሽ ጠየቀቻት። አላውቅም እማ፣ ብዙ አይመስለኝም አለች ልጅቷ።

ከዚያ ቀን ወዲህ አያልነሽ ያን ግማሽ ሰዓት ስታገላብጠው ትኖራለች። መጀመሪያ ወደ ግራ ሲል ምክንያቱን አብሮ ቢናገር ኖሮ። መጀመሪያ ወደ ግራ ሲል እሷ ብትሰማው ኖሮ። አንድ ቀን ጦናን ትረግማለች፣ በማግስቱ ራሷን። ቤተ ክርስቲያኑ ጦናን ከሽማግሌነት አወረደው፤ እሱም አልተከራከረም። ላሙ በሦስተኛው ቀን ሞታ ወጣች። ሰርካለም የዚያን ከጭቃ የወጣ ቀይ እንሰት ሥር ቀቅላ ለቤቴል አመጣችላት። አያልነሽ ለልጇ ከመስጠቷ በፊት ራሷ ቀምሳ ትንሽ ጠበቀች። ቤቴል አሁን ትሄዳለች። መንግሥት በሰጣቸው አዲስ ቦታም ሁለቱ ቤተሰቦች ጎረቤት ናቸው፤ ጦና ግን አሁንም አቶ ጦና ነው።

ያን ቀን የሆነውን አያልነሽ ለሜላት ገበያ ላይ በለመደችው አማርኛ ስትናገር፣ የስርቆቱን ነገር ዘላ ቀርከሃው ጋ ደርሳ አቆመች። ሜላት ሲበዛ ጎበዝ ናት፣ የቀረውን ወዲያው ጠየቀች፤ ሌላ አገር ቆፋሪዎችን የሚጠቅመው ይሄ ነው።

"እትዬ አያልነሽ፣ ቤቱ በግራ መሆኑን ግን በምን አወቃችሁ?"

"ጦና ነገረን።"

አቶ የለችበትም። ሃያው ሰው ሰምቷታል። ከኋላ የጦና ባርኔጣ ከጉልበቱ ላይ ወደቀች።

"እሳቸውስ እንዴት ሊያውቁ ቻሉ?"

አያልነሽ ስልኩን አየችው። እዚያ ውስጥ የገባ ቃል ሶዶ ይሄዳል፣ ከዚያም የት እንደሚሄድ እንጃ። የሚሰማው ሰው ጦናን አያውቀውም፤ እሷ የምትለውን ብቻ ነው የሚያውቀው። እውነቱን ብትናገር ማንም አይፈርድባትም። መቀነቷን ነካ አደረገች፣ ስንጥሯ ያለችበትን። ቀስ ብላ ጀመረች።

"ቀይ እንሰት ለመነኝ። ጎረቤት ነው፣ ሰጠሁ። እሱ ጓሮ ተከለ። እኔ ያን ቀን ደንግጬ የኔ መሰለኝ። እሱ ግን የሰጠሁትን አልረሳም።"

አዳራሹ ውስጥ አንድ ሰው ሳለ። ያረማት ግን የለም። ሜላት ደስ ብሏት ማስታወሻዋ ላይ ረጅም ነገር ጻፈች፤ ናዳ የሚያሰጋቸው መንደሮች በማን ጓሮ ምን እንደተተከለ ቀድመው ቢመዘግቡ ይጠቅማል የሚል ሳይሆን አይቀርም። ከዚያ አመስግና ስልኩን አጠፋች። አያልነሽ መጥፋቱን ራሷ አንሥታ አረጋገጠች።

ስትወጣ ጦና በሩ ላይ ቆሟል። "የቤቴል እናት" አላት። እንባው በጉንጩ ይወርዳል፣ አይጠርገውም። አያልነሽ አላባበለችውም። ነጠላዋን አስተካከለች።

"እንሰቱን ሰጥቼሃለሁ፣ ጦና" አለችው። "ያቺን ግማሽ ሰዓት ግን አልሰጠሁህም። እሷን እንካፈላታለን።"