የአባቴ ድምፅ የነበረበት ዲስክ

አባቴ ከማረፋቸው በፊት በነበረው ክረምት ድምፃቸውን በስልኬ እቀዳ ነበር። የጓሳን፣ የጋራ የሣር መሬታችንን፣ ወሰን ያስቆጥሩኝ ነበር፤ ሣሩ መቼ እንደተዘጋ፣ ማን እንዳስከፈተው፣ ከየትኛው ድንጋይ ወዲህ የየትኛው ወገን ድርሻ እንደሆነ። ስልኩ ሲሞላ ቅጂውን ወደ ታላቅ ወንድሜ ዲስክ አዛወርኩት። እሱ ዲስኩን ከዘመሮ ከተማ የገዛው ለፊልም ነበር።

የአባቴ ተዝካር ሲቃረብ ዲስኩ ቋ ቋ ማለት ጀመረ። እናቴ ከእኔ የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በዕለቱ ዘመድ በተሰበሰበበት ድምፃቸውን እንዳሰማ።

ኮምፒውተር ያስተማረኝ የለም፤ ጽሑፍ እያወረድኩ፣ እያበላሸሁ ነው የለመድኩት። ከታመመ ዲስክ ፋይል የሚያድን ፕሮግራም ነበረኝ። ጥቁር ስክሪን ላይ ትእዛዝ ይጻፍለታል፤ እሱም የደረሰበትን በእንግሊዝኛ መስመር በመስመር ይናገራል። እናቴ የምታነበው አማርኛ ብቻ ነው፣ እኔ ደግሞ በዋዜማው ከዳስ ጣዮቹ ጋር መዋል ነበረብኝ። ስለዚህ አጭር ስክሪፕት ጻፍኩ፤ ፕሮግራሙ የሚያወጣውን መስመር እየተቀበለ «ይህን ያህል ዳነ» ብሎ በትልልቅ ፊደል እንዲያሳያት። በአንዲት ትንሽ ፋይል ሞከርኩት፤ ሁሉም መስመር ወጣ። ዲስኩን ሰክቼ አስጀመርኩትና እናቴን አጠገቡ አስቀምጬ ወጣሁ።

የኮምፒውተሬ ባትሪ ኃይል አይዝም፤ የሚሠራው ከሶላሩ ጋር ሲገናኝ ብቻ ነው። ሶላር ያለው ቤት ደግሞ በእኛ አገር የእንግዳ ስልክ አይመልስም፤ ነውር ነው። ረፋዱ ላይ ከራቤል በኩል ዘመዶች በእግር ደረሱ፤ ስልካቸው ሁሉ ባትሪ ጨርሶ ተዘግቷል። ወንድሜ ስልኮቹን በነጠላው ቋጥሮ ገባ።

የተባባሉትን እናቴ ነግራኛለች።

«እየሠራ ነው?»

«እንጃ ልጄ፤ እስካሁን አንዲት ፊደል አልወጣም።»

«ኧረ ይሄ ሞቷል። እንግዳው ስልኩ ተዘግቶበት ይቀመጥ ወይ?»

«ወንድምህን ጠይቀው።»

«እሱማ ብጠይቀው እስከ ማታ ሊያስረዳኝ ነው!»

ነቀለው።

ስመለስ ሶላሩ ዙሪያ ስልክ እንደ ጫጩት ተኮልኩሏል። ኮምፒውተሩን መልሼ ሳበራው ዲስኩ አንዴ አጓራና ዝም አለ። ከዚያ ወዲህ አልተነሳም።

ፕሮግራሙ ግን ሲሠራ ነበር። እስከ ተነቀለበት ድረስ ያዳነውን ሁሉ አስቀምጧል፤ ከፍቼ አየሁት፤ የወንድሜ ፊልሞች። ቀድመው የተጫኑት እነሱ ስለሆኑ ቀድመው ዳኑ።

«ይኸው ተርፏልኮ!» አለ ወንድሜ ከኋላዬ አጮልቆ።

ምክንያቱን ያገኘሁት ከተዝካሩ በኋላ ነው። እንዲህ ያለ ፕሮግራም ለሰው ዓይን ሲጽፍ መስመር በመስመር ይለቃል። ለሌላ ፕሮግራም ሲጽፍ ግን ስልቻ እንደሚሞላ ሰው ያጠራቅማል፤ ካልሞላ ወይም ሥራው ካላለቀ አያወርድም። የሙከራዬ ፋይል ትንሽ ስለነበረች ወዲያው አልቃ ሁሉን አራገፈች። በስክሪፕቴ ውስጥ አንዲት ቃል ብትጨመር እያንዳንዱን መስመር እንደወጣ ይለቀው ነበር። ጨመርኳት። በሌላ ዲስክ ሞከርኩት፤ «ይህን ያህል ዳነ» የሚለው አንዱ ካንዱ እየተከተለ ወረደ። እናቴን ጠርቼ አላሳየኋትም።

በተዝካሩ ዕለት ዳሱ ሞላ፤ ጸሎቱ ደረሰ፤ ጠላው ተቀዳ። እናቴ አንድ ጊዜ ቀና ብላ አየችኝ፤ የለም ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ። ከዚያ በኋላ ወደ እኔ አላየችም።

የራቤል በኩል ዘመዶች በማግስቱ አገራቸው ገብተው ደወሉ። ወንድሜ ሁላችንም እንድንሰማ ድምፁን ከፍ አደረገው።

«ደህና ገብተናል። ስልኩን ባትሞሉልን ኖሮ በምን እንደውል ነበር? እግዜር ይስጥልን!»

«አሜን፣ አብሮ ይስጠን» አለ ወንድሜ፣ ደስ ብሎት። እናቴም አሜን አለች።