የታጠበችው መኪና

ሰፈሩ ሁሉ በረኪና ይለዋል። እውነተኛ ስሙን የሚያውቁት ሚስቱና የግብር ቢሮው ብቻ ናቸው፤ ሚስቱም ብትሆን በስሙ የምትጠራው ስታዝንበት ነው። ልብስ ማጠቢያ ቤት አለው፦ ከፊት መቀበያ ባንኮኒ፣ ከኋላ ጎን ለጎን የሚያጓሩ ማሽኖች፣ ከዚያ ወዲያ ገመድ የተዘረጋበት ማስጫ ግቢ። እድፍ ሲያይ እጁን ይበላዋል። አንድ ጊዜ ሆዱን ሊታይ ሄዶ፣ አልጋ ላይ እንደተጋደመ፣ «ዶክተር፣ ይቺ የእጅጌዎ ቀለም በአልኮል ትለቅ ነበር። ሙቅ ውሃ ውስጥ ተነክራ ነው የተበላሸችው» አለ ይባላል። ዶክተሩ ጋዋኑን አውልቆ ሰጠው። የክሊኒኩ አንሶላና የትራስ ልብስ ወደ እሱ ቤት መምጣት የጀመረውም ከዚያ ወዲህ ነው።

አንሶላውን የሚያመላልሰው ወንበሮቿ በተነቀሉ ነጭ ሚኒባስ ነበር። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ከክሊኒኩ ሲመለስ፣ ከውስጥ መንገድ ተወርውሮ የወጣ ሰማያዊ ፒክአፕ ቀኝ ጎኗን መታትና ዞሮ ሳያይ ሄደ። ከጎማው በላይ ያለው ፓራፋንጎ ወደ ውስጥ ገባ፣ የፊት ጎማዋ ተጣመመ፣ ራዲያተሩ ውሃውን አስፋልቱ ላይ ለቀቀው። ትራፊክ ፖሊስ መጥቶ ግጭት መድረሱን፣ ገጪውም መሰወሩን መዘገበ። ኢንሹራንሱ በስልክ፣ «ባለሙያ ነገ ይመጣል» አለ። መኪናዋን ጎትተው ማስጫው ግቢ ውስጥ አቆሙለት።

ችግሩ የመጣው በዚያው ዕለት አመሻሽ ላይ ነው። በረኪና ልብስ ሊያወርድ ወጥቶ አያት። ጭቃ በጭቃ ሆናለች፣ በሩ ላይ የፒክአፑ ሰማያዊ ቀለም እንደ ጅራፍ ሰንበር ተጋድሟል፣ መሬቱ ላይ ከእሷ የረገፈ የመብራት ስባሪ ተበትኗል። ገባ። ተመልሶ ወጣ። ነገ የማያውቀው ሰው ይመጣል፤ መጥቶም ይቺን የበረኪና መኪና ብሎ ያያታል። ባልዲ አነሳ። በሳሙና አጠባት፣ አለቀለቃት፣ ያልለቀቀውን ሰማያዊ በቲነር ፈተገው፣ ስባሪውን ጠርጎ ጣለ። ያን ሌሊት ደህና እንቅልፍ ተኛ።

ባለሙያው ካሜራውን አንጠልጥሎ መጣ፣ መኪናዋን ዞራት፣ በሩን በጣቱ ዳሰስ አደረገ።

«ንጹሕ ናት» አለ።

«ታዲያስ» አለ በረኪና፣ እንደ ተመሰገነ ሰው።

ብዙም ሳይቆይ ደብዳቤው ደረሰ። ተሽከርካሪው ተጠርጎና ታጥቦ በመገኘቱ አዲሱን ጉዳት ከአሮጌው መለየት ስላልተቻለ የጥገና ወጪውን አንሸፍንም፣ ይላል።

ከዚያ ወዲህ በረኪና መቀመጥ አቃተው። አንሶላውን በእጅ ጋሪ እየገፋ ማመላለስ ጀመረ፤ ዳገቱ ላይ ጋሪው ወደ ኋላ ይጎትተዋል፣ ቁልቁለቱ ላይ ያስሮጠዋል። የክሊኒኩ ንብረት ክፍል ኃላፊ፣ ሳቂታዋ ሴትዮ፣ ሳቋን ቀነሰች።

«በረኪና ወንድሜ፣ በሽተኛ ቆሞ አንሶላ አይጠብቅም» አለችው። «እስከ ሰኞ በመኪና ካልመጣህ ለሌላ ቤት እሰጠዋለሁ። አንተን ጠልቼ እንዳይመስልህ።»

ክሊኒኩ ከሄደ ከማሽኖቹ አንዱ ሥራ ፈት ይሆናል፤ ልብስ በካውያ የምትተኩሰውን ልጅም ማሰናበት ይመጣል። ይህን እያሰበ ቤት ገባ።

«ቁጭ በል» አለችው ሚስቱ።

«ቁጭ ብዬማ ነው።»

«ቆመሃል እኮ።»

ተቀመጠ። ወዲያው ተነሥቶ መስኮቱን ከፈተ፣ ዘጋው።

«ለመሆኑ እግሩ የተሰበረ ሰው ሐኪም ዘንድ ከመሄዱ በፊት ጥፍሩን ይሞርዳል?» አለች።

«ይሞርዳል። ሰው አይደለም እንዴ?»

«ነገ ኢንሹራንሱ ዘንድ አብሬህ እሄዳለሁ። ለብቻህ ስትሄድ ታበላሻለህ።»

ብቻውን ተመላልሶ ነበር፤ የእንግዳ መቀበያዋን ልጅ አልፎ አያውቅም። በማግስቱ ግን ሚስቱ፣ «ኃላፊውን ሳናይ ከዚህ ንቅንቅ አንልም» ብላ ወንበር ስባ ተቀመጠች። እሷ ተቀመጠች፤ እሱ ኮሪደሩን ከዳር ዳር ለካው፣ የግድግዳውን ሰዓት ከእጅ ሰዓቱ ጋር አስተያየ፣ የጥበቃውን ኮሌታ ዐይቶ አንድ ነገር ሊል ሲል በዓይኗ ያዘችው። በመጨረሻ አስገቧቸው።

የካሳ ክፍል ኃላፊዋ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ ድምፀ ለስላሳ ሴት ናት።

«ጋሼ፣ ፋይሉን ዐይቼዋለሁ» አለች። «ግጭት መድረሱን ፖሊስ ጽፎታል፣ እሱ ላይ ክርክር የለንም። የቱ ጉዳት የዚያን ቀን እንደሆነ ነው ያጣነው። መኪናዋ ደግሞ ያረጀች ናት።»

«አርጅታለች። ቆሽሻ ግን አታውቅም።»

«የቸገረንም እሱ ነው» አለችና ፋይሉን ገለጥ ገለጥ አደረገች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠየቀችው። «ያን ዕለት ማታ ዝናብ ነበር እንዴ? ዝናብ አጥቧት ከሆነ የእርስዎ ጥፋት አይባልም።»

የማምለጫ በር ወለል ብሎ ተከፈተለት። ሚስቱ ከጠረጴዛው ሥር እግሩን ረገጠችው።

«አካፍቷል» አለ በረኪና። እውነቱን ነው፣ ሊነጋጋ ሲል አካፍቶ ነበር። ሚስቱ ትንፋሿን ለቀቀች። እዚያ ላይ ቢያበቃ ነገሩ አልቆ ነበር። «ግን የኔ እመቤት፣ ዝናብ መኪና ያጥባል እንዴ? ዝናብ ያለውን አቧራ ጭቃ ነው የሚያደርገው። የመኪና ቀለም በካፊያ ሲለቅ የት ታየ? እኔ ነኝ ያጠብኳት። በሳሙና፣ ኋላም በቲነር።»

ሚስቱ ዓይኗን ጨፍና በስሙ ጠራችው።

ኃላፊዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። በረኪና መቀመጥ አልቻለም፤ ተነሣ፣ እስከ መስኮቱ ሄደ፣ ተመለሰ። የቀረችለት አንዲት ሰበብ እንደ አረፋ ስትፈነዳ ዐይቷታል፤ ያፈነዳትም እሱ ነው። ምን ቀረ? ያላጠበው ነገር ምን ቀረ? ብሎ አሰበ፣ እንዲያው ከንዴት የተነሣ። ድንገት ቀጥ ብሎ ቆመ።

«የኮፈኑን ውስጥ አልነካሁም» አለ። «ሞተር ላይ ውሃ እንዳላፈስ መካኒኩ አስምሎኛል። ራዲያተሩ እንደተቀጠቀጠ ነው። ጎማው ሥር እጄን አላስገባሁም። ጭቃው እንዳለ ነው፣ ለመናገርም አፍራለሁ።»

«ባለሙያችን ኮፈኑን አልከፈተውም?»

«ከላይ ከላይ አይቷት ሄደ።»

ፎቶዎቹን አንድ በአንድ ገለበጠች። ሁሉም የሚያብረቀርቅ በርና የሚያብረቀርቅ ፓራፋንጎ ነበሩ። ስልክ አነሣች።

ከሰዓት በኋላ ያው ባለሙያ ኮፈኑን ከፍቶ ተጎነበሰ። ራዲያተሩ ማቀፊያ ላይ፣ ብረቱ ታጥፎ በገባበት፣ ሰማያዊው ቀለም እንዳለ አለ። ጎማው ሥር የተጣመመው ብረት ስብራቱ ገና አልዛገም። በረኪና አንገቱን ወደ ጎን አዙሮ ቆመ፤ ቆሻሻውን ሰው ሲያይበት ማየት አልቻለም።

«ያላጠቡትን እንከፍላለን» አለች ኃላፊዋ በማግስቱ። «ያጠቡትን ግን እርስዎ ይቻሉት። የገባውን ቆርቆሮ ማቃናቱና ቀለሙ አይመለከተንም።»

«በሩስ? በሩ ከራዲያተሩ ጋር በአንድ ጊዜ አይደል የተመታው? እንግዲህ በማስረጃ ከሆነ...»

«ተነሥ» አለች ሚስቱ እጅጌውን ይዛ። «ይህንንም ሳታጥብብን እንሂድ።»

መካኒኩ ቅዳሜና እሑድን ሠራ። ሰኞ ጠዋት ሚኒባሷ የአንሶላ ጭነቷን ይዛ ክሊኒኩ በር ላይ ደረሰች፤ ትሄዳለች፣ ቀኝ ጉንጯ ግን በቡጢ እንደተመታ ሰው ገብቷል። ለቀለሙ የሚሆን ገንዘብ ከየት እንደሚመጣ ገና አልታወቀም።

የንብረት ክፍሏ ሴትዮ በረንዳ ላይ ወጥታ ጠበቀችው።

«መጣህ?»

«መጣሁ።»

«በል እግዜር ይስጥህ፤ አውርድ።»

በረኪና ግን ቶሎ አላወረደም። ወደ ፊት ነዳ፣ ወደ ኋላ መለሰ፣ እንደገና አስተካከለ፣ የተጎዳው ጎኗ ግድግዳውን እስኪጠጋ ድረስ። እሱም በግራው በር ወረደ። አንሶላውን ተሸክሞ ገባ። ጥቂት ቆይቶ ባዶ እጁን ወጣ፣ እስከ ክሊኒኩ መግቢያ ድረስ ሄዶ ወደ መኪናው ዞሮ ተመለከተ።

የገባው ጉንጯ ከመግቢያው ይታያል።