ሌባ ያሰኘኋት ቀጣሪ

ለንስሐ አባቴ ብዙ ነገር ነግሬአቸዋለሁ፤ ይህን ግን ሁልጊዜ እየዘለልኩት፣ እስከ ዛሬ ከአፌ አልወጣም። ለእናንተ ልናገር። እኔ አንዲትን ንጹሕ ሴት፣ ንጹሕ መሆኗን እያወቅሁ፣ ሌባ ናት አልኩ። እያወቅሁ!

ወረታ አጠገብ፣ ፎገራ ሜዳ ላይ ሩዝ የማመርት፣ ከብት የማረባ ገበሬ ነኝ። ሚስቴ ካረፈች ወዲህ ከልጄ ከስንዱ ጋር ሁለታችን ነበርን። ስንዱ የእንስሳት ጤና ተምራ፣ ሥራ አጥታ ቤት ተቀመጠች። እሷ ስታዝን እኔ በልቤ ደስ ይለኝ ነበር። ላሞቹን እያንጎራጎረች ታክማለች፣ ቤቱ በሷ ሳቅ ይሞቃል። በልጁ ሥራ ማጣት የሚደሰት ምን ዓይነት አባት ነው? እኔ ነኛ!

አንድ ቀን ከጎንደር አንዲት ሴት፣ ስልኳን ከተማረችበት ቦታ አግኝታ፣ ለስንዱ ደወለችላት፤ ለከብት እርባታ ሠራተኛ እየፈለግሁ ነው አለች። የጎረቤቴን የአበጀን ልጅ፣ ዓረብ አገር እንልክሃለን ያሉ አጭበርባሪዎች ገንዘቡን በልተው ስልካቸውን ዘግተውበት ነበርና ስንዱ ፈራች። «አባዬ፣ አንተ ጠይቃት» ብላ ስልኩን ሰጠችኝና ጥጃ ልታስር ወጣች።

«ለመመዝገቢያ ምን እንክፈል?» አልኳት።

«ምንም አባባ። በእኔ ስም ገንዘብ የሚጠይቅ ቢመጣ እንኳ እንዳይሰጡ።»

«ዛሬውኑ ካልመጣች ያመልጣታል በይኛ!»

«ኧረ አያመልጣትም፤ በደንብ ተማከሩ። ደግሞ ብቻዋን አይላኳት። ይዘዋት ይምጡና ቦታውንም ላሞቹንም ይዩ። ስለ እኛ የሰፈሩን ሰው ይጠይቁ።»

አያችሁ? አጭበርባሪ ያቻኩላል፣ ገንዘብ ያስቀድማል፣ ያለበትን ይደብቃል። ይህች አንዱም የለባትም። በመለሰችልኝ ቁጥር ወሽመጤ ቁርጥ ይላል። ምነው ሌባ በሆነች ብዬ ተመኘሁ። ስንዱ ስትመለስ፣ «ሌባ ናት፤ ገንዘብ ጠየቀችኝ» አልኳት። ምላሴ እንኳ አልተደናቀፈም።

ነገሩ በዚያው ያበቃ መስሎኝ ነበር። ስንዱ ግን የእናቷ ልጅ ናት፤ ዝም አትልም። ሴትዮዋ ሌሎች ተመራቂዎችን ለማየት ወረታ እንደምትመጣ ደውላ ስትነግራት፣ «እሺ፣ እንገናኝ» አለቻትና ከአበጀ ጋር ሆና ልትይዛት ዶለተች። በገበያው ቀን፣ የደብረ ታቦሩ መገንጠያ ላይ፣ ሴትዮዋ ከባጃጅ ስትወርድ ስንዱ ክንዷን አፈፍ አድርጋ «ሌባዋ ይቻት!» ብላ ጮኸች። ገበያተኛው ዱላውን ይዞ ግር አለ። እኔስ? እዚያው ቆሜ ነበር። አንዲት ቃል ትበቃ ነበር። አልተናገርኩም።

ደግነቱ ማንም ሳይነካት ፖሊሶች ደርሰው ወሰዷት። ጣቢያ የከብት እርባታ ፈቃዷን አዩ፣ ጎንደር ደውለው አጣሩ፤ እውነተኛ ሆና ተገኘች።

«ታዲያ ገንዘብ ጠየቀች ያለው ማነው?» አለ ፖሊሱ። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ።

«ስልኩ ይቆራረጥ ነበር» አልኩ። ሁለተኛው ውሸቴ።

ሴትዮዋ ትኩር ብላ አየችኝ። ስልኩ እንዳልተቆራረጠ እሷም ታውቃለች። ነጠላዋን አስተካክላ ፈገግ አለችና፣ «አባት እንዲህ ነው የሚጠነቀቅ» አለች። ከዚያ ወደ ስንዱ ዞራ የተያዘ ክንዷን እያሻሸች፣ «አንቺ ልጅ በሬ የሚያቆም እጅ ነው ያለሽ! ሥራው ያንቺ ነው» ስትላት ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። የጣቢያዋ ጽዳት ሠራተኛ መጥረጊያዋን ጥላ እልልታውን አቀለጠችው።

ስንዱ ይኸው ጎንደር እየሠራች፣ አምሮባት፣ እየሳቀች ትመጣለች። እኔም ብቻዬን አልቀረሁም። የሥራ ስልክ የተደወለለት ሁሉ «አባባ፣ እርስዎ ያናግሩልን» እያለ ደጄን ያጨናንቀዋል። ያቺን ሴት የጠየቅኋትን እጠይቃለሁ፤ አጭበርባሪው ይንተባተብና ጆሮዬ ላይ ይዘጋል፤ የተሰበሰበው ሰው ያጨበጭባል። «ሌባ የሚለየው ሰውዬ» ይሉኛል። ለየሁ እንጂ! ለይቼ ነው የዋሸሁት።

መጪው እሑድ የስንዱ ሠርግ ነው። ያቺ ሴትም ትመጣለች። ልመርቅ ስነሳ፣ ከምርቃቱ በፊት ይህን እናገራለሁ። የዋሸሁት ለልጄ ብዬ ነው አልልም፤ ለራሴ ብዬ ነው። ሴትዮዋንም ስንዱንም ይቅር በሉኝ እላለሁ። ይስቁ ይሆናል፤ የሠርግ ቤት ነው፣ ይሳቁ። እኔ ግን ከእነሱ ቀድሜ አልስቅም።